የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል

ይቺን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማት ስለ አገርና ስለ ሥልጣን ሲወራ ነው። አንድ ትልቅ ነገር ይፈርሳል፣ ግርግሩ መሃል የደረሰበትን ይዞ የሚሮጥ አይጠፋም፣ ያኔ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ጣል ያደርጓታል። እኔ ግን ትክክለኛ ቦታዋ ጓዳ ነው ባይ ነኝ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ገደሉ ተናደ፣ ጨው መሬት ላይ ተበተነ። ሞኙ ፌሽታ ላይ ነው፤ ትናንት በስንት ልመና የሚያገኘው ነገር እግሩ ሥር በነፃ ወድቆለታል። ብልሁ ደግሞ ወደ ገደሉ ነው የሚያየው። ነገ ከየት ሊቆረጥ ነው?

«ለጨው ይለቀሳል እንዴ?» የሚል ሰው ጨውን ከሱቅ በፌስታል የሚያውቅ ነው። ድሮ ጨው ገንዘብ ነበር። አፋር ውስጥ፣ ዳሎል አጠገብ፣ ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ሜዳ ላይ ጨው እየተቆረጠ፣ በልክ እየተጠረበ፣ በግመልና በአህያ ተጭኖ በበርሃሌ በኩል ወደ መቀሌ ይወጣ ነበር። አሞሌ የምንለው እሱ ነው። በ1520 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ አገሩ በጨው ሲገበያይ አይቶ ጽፏል። ምኒልክ በ1894፣ ያው በፈረንጆቹ፣ የራሳቸውን ብር ካስቀረጹ በኋላም አሞሌ ለብዙ ዓመታት ከገበያ አልወጣም። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናብ ከነካው ይሟሟል፣ ጫፉ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። እንግዲህ በዚያ ዘመን የጨው ገደል ተናደ ማለት ካዝና ፈረሰ ማለት ነው። የሚልሰው ሰውዬ ገንዘቡን ነው የሚልሰው።

የእናቶቻችን ቁጠባም እዚህ ጋ ይገባል። ብዙ ሰው ቁጠባ ሲባል ትንሽ መብላት ይመስለዋል። እነሱ ግን በመጀመሪያ የሚጠይቁት ይሄ ነገር ከምንጩ ነው ወይስ ከፍሬው የሚለውን ነው። የላሟ ወተት ይጠጣል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው አይብ ይሆናል፣ አጓቱ እንኳ ተጠጪ አያጣም። ላሟ ግን አትነካም። ለዘር የተቀመጠ እህልም ቤቱ ምንም ቢጎድልበት አይፈጭም። ያንኑ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ሦስት ጊዜ ማፍላትም ከዚሁ ቤት የወጣ ብልሃት ነው (በረካው ላይ ውሃ ውሃ ይላል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን ማን ጥሎ ይሄዳል?)።

በደንብ የሚታየው ደግሞ በበዓል ቀን ነው። የቅርጫው ሥጋ ቤት ሲገባ ሁሉም ሰው ሞኝ ይሆናል። አባወራው ጥሬውን ይላል፣ ልጆቹ ጥብሱን፣ ጎረቤት ብቅ ይላል። እናት ግን ማንም ሳይጠግብ በፊት ድርሻዋን ለይታለች። ቢላዋዋን ይዛ ሥጋውን እንደ ገመድ ታረዝመዋለች፣ ጨውና በርበሬ ታሸዋለች፣ ከምድጃው በላይ በተወጠረው ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች። ልጅ ሆነን «ምነው እማዬ፣ ዛሬ እንኳ!» ብለን አኩርፈን ይሆናል። ከወር በኋላ ግን ያ ቋንጣ ከድርቆሽ ጋር ፍርፍር ሆኖ ሲመጣ ኩርፊያውን የሚያስታውስ የለም። ድርቆሹም እኮ ሊሻግት ሲል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የዳነ እንጀራ ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት ቋጣሪ ማለት ነውር ነው። ቋጣሪ ለእንግዳ ይሰስታል፤ እሷ የለየችውን የምታወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው።

አሁን ግን መላሱ በዝቷል። አረብ አገር ያለች ልጅ በየወሩ ብር ትልካለች። ቤተሰቡ መጀመሪያ ቴሌቪዥን ይቀይራል፣ ቀጥሎ ሶፋ፣ ከዚያ የወንድም ሠርግ በድንኳን ይደገሳል፣ ሁሉም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ማንንም አልከስም። ግን ያ ብር ከየት እየተቆረጠ እንደሚመጣ የሚያይ ስንት ሰው አለ? ከልጅቷ ወገብና ከወጣትነቷ ነው የሚቆረጠው። ኮንትራቷ አልቆ፣ ወይ ታማ፣ ስትመለስ የሚጠብቃት ሶፋው ብቻ ከሆነ እኛ ስንልስ ነበር ማለት ነው።

የሚያዩ እናቶችም አሉ። ከሚላከው ላይ ለቤት የሚበቃውን ብቻ ያነሳሉ፣ የቀረውን በልጅቷ ስም ደብተር አውጥተው ያስገባሉ፣ ወይ እቁብ ይጥሉላታል። ለማንም አይናገሩም። ሰፈሩ ታዲያ አያርፍም፤ «ልጇ አረብ አገር ሆና ምንጣፏን እንኳ አልቀየረችም» እያለ ያማታል።