ኪት ካር ምንድን ነው?

መንገድ ላይ ኮብራ ካለፈዎት፣ ያ ፊቱ ክብ ክብ ያለ፣ አፉን የከፈተ፣ ጣሪያ የሌለው ስፖርት መኪና፣ እውነተኛው ነው ብለው ባይወራረዱ ይሻላል። አሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪ ካሮል ሼልቢ እ.ኤ.አ. በ1962 ኤሲ የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ ቀላል መኪና ወስዶ የፎርድ ቪ8 ሞተር ሲያስገባበት ኮብራ ተወለደ። በስድሳዎቹ የተመረተው አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ነው። የሁሉም በኩር የሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 በጨረታ 13.75 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። መልኩን የያዙት መኪኖች ግን ከዋናዎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ፤ ብዙዎቹም የወጡት ከፋብሪካ ሳይሆን ከሰው ቤት ጋራዥ ነው።

ኪት ካር የሚባለው እንዲህ ያለው መኪና ነው። አምራቹ ሻንሲውን (ሁሉም የሚታሰርበትን የብረት አጽም)፣ ቦዲውንና የተወሰኑ ክፍሎችን ሳይገጥም ይሸጣል፤ ገጥሞ መኪና የሚያደርገው ገዢው ነው። ኪቱ የታወቀ መኪናን መልክ የሚመስል ከሆነ ሬፕሊካ ይባላል። ሁሉም ኪት ካር ግን ሬፕሊካ አይደለም፤ የማንንም መልክ ሳይወስዱ በራሳቸው ዲዛይን የሚሠሩ ኪቶች አሉ። ሬፕሊካ በራሱ ማጭበርበሪያም አይደለም። ማጭበርበር የሚሆነው ባለቤቱ ዋናው ነው ብሎ ሊሸጠው ሲነሳ ነው።

ነገሩን ያስፋፋው የስፖርት ፍቅር ብቻ ሳይሆን ታክስም ነው። ሎተስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሰቨን የተሰኘውን ቀላል ስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. በ1957 ሲያወጣ በብሪታንያ ተገጥሞ በሚሸጥ አዲስ መኪና ላይ ከባድ የግዢ ታክስ ይጣል ነበር፤ ዕቃው ሳይገጠም ከተሸጠ ግን ታክሱ ይቀራል። ስለዚህ ሎተስ መኪናውን በትኖ ሸጠ። የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ መስጠት ስለማይፈቀድለትም መኪናው እንዴት እንደሚፈታ የሚገልጽ መመሪያ ይሰጥ ነበር፣ ገዢውም ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ያነበው ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመጣ ይህ ቀዳዳ ተደፈነ። በዚያው ዓመት ኬተርሃም የተባለ ኩባንያ የሰቨንን መብት ከሎተስ ገዛ፤ ሰዎች እስከ ዛሬ በኪት ይገዙታል። የታክስ ጥቅሙ ቀርቶ መግጠሙ ቀጠለ ማለት ነው፤ በእጅ ለመሥራቱ ራሱ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ብዙ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

በአሜሪካ በኩል ባለውለታው ቮልስዋገን ቢትል ነው። የቢትል ቦዲ ብሎኖቹ ሲፈቱ ከወለሉ ላይ ብድግ ይላል፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ መሪውና እግሮቹ ግን እዚያው ወለሉ ላይ ይቀራሉ። ብሩስ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1964 የፋይበር ግላስ ቦዲ ሠርቶ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የሚሮጠውን ማየርስ ማንክስ ያወጣው ከዚህ ተነስቶ ነው። የፖርሽ 356 ስፒድስተር ሬፕሊካዎችም በብዛት ቢትል ላይ ይቀመጣሉ፤ ፖርሽ ራሱ 356ን ሲጀምር የቢትል ክፍሎችን ስለተጠቀመ ይህ ብዙም የሚያስነውር አይደለም። ላምቦርጊኒ ካውንታክን ለመምሰል የሚደክሙት ደግሞ ፖንቲያክ ፊየሮን መረጡ፤ ሞተሩ እንደ ካውንታክ ከሾፌሩ ጀርባ ስለሆነ።

እንዲህ አካሉ የሚወሰድበት አሮጌ መኪና ለጋሽ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የአሜሪካ ኪት አምራች ፋክተሪ ፋይቭ የኮብራ መልክ ያለውን ኪቱን በፎርድ ሙስታንግ ዕቃ እንዲሞላ አድርጎ ነው የነደፈው። ገዢው አንድ የተጋጨ ሙስታንግ ፈልጎ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉን፣ ፍሬኑንና መሪውን ያወርዳል። እዚህ ላይ ማስታወቂያ ያታልላል፤ የሚጻፈው የኪቱ ዋጋ ብቻ ነው። ለጋሹ፣ ጎማና ቸርኬው፣ ቀለሙ፣ ወንበሩ፣ ሲፈታ አርጅቶ የተገኘው ፓምፕና ኩሽኔታ ሁሉ ከኪስ ይወጣሉ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ኪት የሚገዛ ሰው ሒሳቡን እንደገና ቢሠራ ደግ ነው።

ብዙ ሰው ሥራው ብሎን ማጥበቅ ይመስለዋል። ብሎን ማጥበቁ ግን ቀላሉ ነው። ችግሩ ያለው ለአንድ መኪና የተሠሩ ዕቃዎች ሌላ መኪና ውስጥ አብረው እንዲሠሩ ማድረጉ ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ በሳጥን የሚልክ የለም።

መብራቱን እንይ። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ቦዲው ብረት ስለሆነ የባትሪው ኔጋቲቭ ቦዲው ላይ ይታሰራል። አምፖሉ ጋ አንድ የፖዘቲቭ ሽቦ ከደረሰ ይበቃል፤ መመለሻው ራሱ ቦዲው ነው። የብዙ ኪቶች ቦዲ የሚሠራበት ፋይበር ግላስ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የለጋሹን ሽቦ እንዳለ አምጥቶ የዘረጋ ሰው ማታ ቁልፉን ሲያዞር አንድም መብራት አይበራለትም፣ ወይም ፍሬቻ ሲያበራ የፍሬን መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ በሌላው አምፖል በኩል መንገድ እየፈለገ ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ መብራት የራሱን የማሳ (የመመለሻ) ሽቦ እስከ ሻንሲው መዘርጋት ነው። እሱም ሻንሲው የተቀባው ቀለም ብሎኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብረቱ እስኪታይ ካልተፋቀ ከንቱ ነው።

ፍሬኑ ከዚህ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የለጋሹ ፍሬን የተመጠነው ከአንድ ቶን በላይ ለሚመዝን፣ ክብደቱም ወደ ፊት ላጋደለ መኪና ነው። እንደ ሰቨን ያለ ኪት የዚያን ግማሽ ያህል ቢመዝን ነው፤ ክብደቱም ፊትና ኋላ ተቀራርቦ ይከፈላል። ያው ፍሬን እንዳለ ከተገጠመ ክፍፍሉ ይዛባል። የኋላ ጎማዎች ቀድመው ከታሰሩ መኪናው በራሱ ላይ ይዞራል፤ ፊቶቹ ያለ ልክ ቀድመው ከታሰሩ ደግሞ መሪው አይታዘዝም። ለዚህ ነው ብዙ ኪቶች ፔዳሉ ላይ ክፍፍሉን የሚያስተካክል ባላንስ ባር ያላቸው። ሞላውም እንደዚሁ ነው፤ ለከባድ መኪና የተሠራ ሞላ ቀላል መኪና ላይ ሲገባ መኪናውን በየጉድጓዱ ያዘልለዋል።

ልምድ ያላቸው ገጣጣሚዎች ቦዲውን ከመጫናቸው በፊት ወንበር አስረው ሻንሲውን ብቻውን፣ ለትራፊክ ዝግ በሆነ ቦታ፣ ይነዱታል። የሚያንጠባጥብ ዘይት፣ የሚታከክ ቱቦ፣ የማይመለስ ፍሪሲዮን ሁሉ በግልጽ ይታያል፤ እጅም ይደርሳል። ከቦዲው በኋላ ያንኑ ስህተት ለማግኘት ግማሹን መኪና መፍታት ይጠይቃል። እኔን ቢጠይቁኝ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ጊዜ አላተረፈም።

ቦዲው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ፋይበሩ ከቅርጹ ሲወጣ የመጋጠሚያው መስመር ጎልቶ ይታያል፤ በሩም ክፍተቱ ላይ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይላል። በስቱኮ መሙላት፣ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ማየት፣ እንደገና መሙላት። የፋይበር ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ ያለ ማስክ አይነካም። ሞተር ገጥሞ በደስታ የጨፈረ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። ብሪታንያ ውስጥ ኪቱ መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት አይቪኤ የሚባለውን የነጠላ ተሽከርካሪ ምርመራ ማለፍ አለበት። መርማሪው ሞተርና ፍሬን ብቻ አያይም፤ ሰው ሊነካው በሚችል ቦታ ያለ የውጭ ጠርዝ ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ይዞ መዞር አለበት። መኪናው ከየት እንደተገኘ በማስረጃ ካልተረጋገጠ በኪው ፊደል የሚጀምር ታርጋ ይሰጠዋል። ካሊፎርኒያ በበኩሏ በዓመት ለ500 እንዲህ ያሉ መኪኖች በጭስ ምርመራው ላይ ልዩ አስተያየት ታደርጋለች፤ ወረፋው ቀድሞ ለመጣ ነው። የመልክ ባለቤትነትም አለ፤ የፌራሪን ቅርጽ በፋይበር እየቀዳ ይሸጥ የነበረ አምራች ላይ የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ለፌራሪ ፈርዷል።

ለመጀመር የሚያስብ ሰው ሳይጨረስ የቀረ ኪት በርካሽ ማግኘቱ አይቀርም፤ ገበያው በእነሱ የተሞላ ነው። ሻጩ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን የኪቱ ደረሰኝ፣ የለጋሹ ሊብሬና የሞተር ቁጥሩ ነው። እነዚህ ከጠፉ የቀረው ሥራ ሁሉ ቢያልቅም መኪናው ታርጋ ላያገኝ ይችላል። ቀጥሎ የፍሬን መስመሩን ማን እንደሠራው ይጠየቅ፤ «አላስታውስም» ካለ ቱቦው በሙሉ ወጥቶ በአዲስ ይቀየራል ብሎ ዋጋውን መቀነስ ነው።