ነጻ የኮምፒውተር ሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት በጎንደር

ጎንደር ላይ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ "መጽሐፍ አለህ ወይ?" ቢባል ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ስላይድ ነው። መምህሩ ይልካል፣ ሪፑ (የክፍሉ ተወካይ) ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል፣ ፈተና ሲቃረብ ፎቶ ኮፒ ቤት ታትሞ ይቸከላል። ኮርስ አውትላይኑ መጨረሻ ላይ የተደረደሩት ማጣቀሻዎች እንደተደረደሩ ይቀራሉ። ስለዚህ ነጻ መማሪያ መጽሐፍ እዚህ ሲገባ የሚፎካከረው ከውዱ መጽሐፍ ጋር አይደለም። ከስላይዱ ጋር ነው።

የዋጋው ነገር ቀላል ነው ማለት አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 100 ዶላር የሚሸጥ መጽሐፍ ከ5,700 ብር ተነስቶ ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ግን እንተዋወቅ፣ በፊተኛውም ዋጋ የሚገዛ ተማሪ አልነበረም። የሚዞረው ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ ፒዲኤፍ ነው።

"ነጻ" የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያሳስታል። ሁለት ዓይነት ነጻ አለ። አንዱ ያለ ክፍያ የሚነበብ ነው። ሌላው ያለ ክፍያ የሚነበብ ብቻ ሳይሆን የሚባዛ፣ የሚቀነስ፣ የሚጨመርበትና የሚተረጎም ነው። ሁለተኛውን የሚፈቅዱት እንደ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ያሉ ፈቃዶች ናቸው። የክሪኤቲቭ ኮመንስ የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች የወጡት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ዩኔስኮ ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ እንዲህ ላሉ ማስተማሪያዎች የጋራ ስም ተሰጣቸው። ፈቃዱ እንደ ደራሲው ምርጫ ይለያያል። አንዱ ስሜን ጥቀሱ እንጂ የፈለጋችሁትን አድርጉ ይላል። ሌላው ንግድ ይከለክላል፣ ሌላው ደግሞ መለወጥን።

መለወጥ ምን እንደሚጠቅም ከአንድ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም። አለን ዳውኒ የሚባል አሜሪካዊ መምህር በ1999 እ.ኤ.አ. ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሊያስተምር ሲዘጋጅ፣ ተማሪዎቹ ወፍራሙን መጽሐፍ እንደማያነቡትና ብዙዎቹ እንደሚወድቁ ስላየ በሁለት ሳምንት ቀጭን መጽሐፍ ጻፈ። በነጻ ፈቃድም ለቀቀው። ቨርጂንያ ያለ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ጄፍ ኤልክነር፣ መጽሐፉን ወስዶ ከጃቫ ወደ ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ወደ ፓይተን፣ መለሰው። ዳውኒ ራሱ ፓይተንን የተማረው ከዚያ ቅጂ ነው! ዛሬ "ቲንክ ፓይተን" የሚባለው መጽሐፍ ከዚያ የመጣ ነው። እንግሊዝኛው አይከብድም፤ ክፍለ አገር ተምሮ ለመጣ ፍሬሽ ተማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ለሌሎቹ ኮርሶችም የሚሆን አለ። ለዳታ ስትራክቸር (መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚደራጅ ለሚያስተምረው ኮርስ)፣ የካናዳው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ መምህር ፓት ሞሪን የጻፈው "ኦፕን ዳታ ስትራክቸርስ" በጃቫም በሲ ፕላስ ፕላስም ቅጂ አለው። ኮርሱን በሲ ፕላስ ፕላስ የሚሰጥ መምህር ምሳሌውን እንዳለ ይወስዳል። ለኔትወርክ፣ ላሪ ፒተርሰንና ብሩስ ዴቪ በ1996 እ.ኤ.አ. በአሳታሚ ያወጡትን መጽሐፍ በኋላ በነጻ ፈቃድ ለቀውታል። ለኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የዊስኮንሲን መምህራን የሆኑት አርፓቺ-ዱሶዎች የጻፉት አለ። ምዕራፉ ለየብቻ በፒዲኤፍ ስለሚወርድ ለዚህ ሳምንት የሚፈለገውን ብቻ ማሳተም ይቻላል። እሱ ግን የመጀመሪያው ዓይነት ነጻ ነው። አንብቡት ይላል እንጂ እንደፈለጋችሁ ለውጡት አይልም።

ፎቶ ኮፒ ቤቱስ? ንግድ የሚከለክል ፈቃድ ያለውን መጽሐፍ በገጽ ሂሳብ አትሞ መስጠት ንግድ አይደለም ወይ? ጥያቄው አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። አንድ አሳታሚ፣ ንግድ የሚከለክል ፈቃድ ያለውን መጽሐፉን ትምህርት ቤቶች ሲያዙት በክፍያ ያተመውን፣ የማተሚያ ሱቆች ያሉትን ፌዴክስን ከሰሰ። በ2018 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለፌዴክስ ፈረደ። አታሚው የሠራው መብት ላለው ደንበኛ ነው የሚል ነበር ምክንያቱ። እዚህ አገር ያ ፍርድ አያስገድድም። የእኛው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ጥንቃቄ ያለበት መምህር የመረጠውን መጽሐፍ ፈቃድ የሚያሳየውን ገጽ አብሮ ያሳትማል፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። በነገራችን ላይ መጽሐፍ መገልበጥ ለጎንደር ብርቅ አይደለም። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ ሲገለብጡ የኖሩ ጸሐፍት አገር ናት።

የጎንደሩን ጉዳይ የሚለየው ግን ኔት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ጠፍቷል። በዚያ ጊዜ ኦንላይን ብቻ የሚነበብ መጽሐፍ ከሌለ አይሻልም። በፍላሽና ያለ ኔት ፋይል በሚያስተላልፈው መተግበሪያ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ የሚሄደው ፒዲኤፍ ግን ኔት ኖረ አልኖረ ይነበባል። ስለዚህ መጽሐፍ ሲመረጥ ሙሉው ይወርዳል ወይ፣ ስንት ሜጋባይት ነው፣ በስልክ ሲከፈት ኮዱ መስመር ይሰባበራል ወይ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ላፕቶፕ የሌለው ብዙ ነው።

የመውጫ ፈተናውም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ጥያቄው በአገር ደረጃ አንድ ነው፣ ስላይዱ ግን እንደ መምህሩ ነው። ጂሲ (ተመራቂ) የሆነ ተማሪ የአንደኛ ዓመቱን ስላይድ ሲከፍት አራት አጫጭር ነጥቦችና አንድ ሥዕል ያገኛል። ምን ተብሎ እንደተብራራ ማን ያስታውሳል? መጽሐፍ ግን ማብራሪያውን ይዞ ይቆያል።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። አሳታሚዎች ለመምህር የሚያቀርቡት የጥያቄ ባንክና የመልስ መጽሐፍ ነጻዎቹ ጋር ብዙ ጊዜ የለም። ጄፍ ኤሪክሰን በ2019 እ.ኤ.አ. በነጻ ያወጣው የአልጎሪዝም መጽሐፍ በልምምድ የታጨቀ ነው፤ መልስ ግን ሆን ብሎ አላካተተም። ሥራ ለበዛበት መምህር ይሄ ሸክም ነው። ስላይዱን ለመተው የሚያስቸግረውም ምናልባት ይሄው ነው።

ሌላው ራስ ምታት እትም ነው። ፍላሽ ላይ የገባ ፋይል ራሱን አያድስም። የ"ቲንክ ፓይተን" የ2012 እ.ኤ.አ. እትም በፓይተን 2 የተጻፈ ነው፣ የ2015ቱ ግን በፓይተን 3። የ2024ቱ ሦስተኛ እትም ደግሞ ጽሑፍንና የሚሄድ ኮድን አብሮ በሚይዘው ጁፒተር ኖትቡክ ላይ የተሠራ ነው። ኔት ላይ እያሄዱ ለመማር ያምራል፣ ኔት ለሚቆራረጥበት ዶርም ግን የ2015ቱ ፒዲኤፍ ይሻላል። አውትላይኑ ላይ የትኛው እትም እንደሆነ ካልተጻፈ፣ ከሲኒየሩ የድሮውን የተቀበለ ልጅ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚያወጣውን ትእዛዝ፣ ፕሪንትን፣ እንደ ፓይተን 2 ያለ ቅንፍ ይጽፋል፤ ፓይተን 3 ግን ቅንፍ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ቀይ የስህተት መስመር ያወጣበታል። እሱም ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጓደኛው ላፕቶፕ ይዞራል፤ እዚያም ያው ቀይ መስመር።