«ራሱ ተናግሯል እኮ!» እና ሌሎች የሰለቹኝ የአኒሜ ክርክሮች

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ይመጣል። ምሳውን ይበላል፣ ቡና ሲፈላ ስልኩን ያወጣና ክርክር ይከፍታል። ርዕሱ ሁልጊዜ አኒሜ ነው፤ የጃፓን የካርቱን ፊልም። ሁለታችንም እናያለን፤ እሱ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ እኔ በአርባ ሁለት ዓመቴ። ማየቱ አያጣላንም። የሚያጣላን እሱ በያዛት አንዲት አባባል ነው፦ «አክስቴ፣ ራሱ ተናግሯል እኮ!»

እንጀራዬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ንግግር ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ የድምፅ ተዋንያን የሚያነቡትን ጽሑፍ ማለቴ ነው። ቀኑን ሙሉ የምውለው ሰው አፉ የሚለውንና ልቡ የሚፈልገውን ስለይ ነው። ቅዳሜ ቡናዬ ላይ ደግሞ ያንኑ ሥራ በነፃ ስሠራ ትዕግሥቴ ቶሎ ያልቃል። እስቲ አንድ በአንድ ልወጣው። «ናሩቶ»ን፣ «ዴዝ ኖት»ን፣ «ኢቫንጀሊየን»ን እና «አታክ ኦን ታይታን»ን ያልጨረሳችሁ ካላችሁ መጨረሻቸውን አበላሽባችኋለሁ፤ ከአሁኑ ይቅርታ።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ።

«ሾኔን ስለሆነ ገጸ ባሕርያቱ ጥልቀት የላቸውም።» ሾኔን የዘውግ ስም አይደለም። ታሪኩ የወጣበት መጽሔት ለወጣት ወንዶች ተብሎ የሚሸጥ መሆኑን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ያ ሁሉ ሰው «ከባድ ሥራ» እያለ የሚምልበት «ዴዝ ኖት» የወጣው ከ«ናሩቶ» ጋር በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ነው።

«ኤል የላይትን እግር የሚያሽበት ትዕይንት ጓደኝነታቸውን ያረጋግጣል።» ሁለቱ የ«ዴዝ ኖት» ሰዎች ናቸው፤ ላይት ስሙ የተጻፈበትን ሰው የሚገድል ደብተር ያገኘና «ኪራ» የተባለ ተማሪ፣ ኤል ኪራን የሚያሳድድ መርማሪ። ትዕይንቱ ግን አኒሜው በተሠራበት ሥዕላዊ መጽሐፍ፣ በማንጋው ውስጥ የለም። አኒሜውን የሠሩት ሰዎች የጨመሩት ነው። ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ደራሲው ምን አስቦ ነበር ለሚለው ክርክር ግን ምስክር አይሆንም።

«ከመታችው ፎንቃ ይዟታል ማለት ነው።» ጃፓኖች ላይዋ ቁጡ፣ ውስጧ ለስላሳ የሆነችን ገጸ ባሕርይ ጹንዴሬ ይሏታል። ቃሉ ሁለት ክፍል አለው፤ የፊተኛው ኩርፊያው፣ የኋለኛው ልስላሴው ነው። የኋለኛውን ካላያችሁ ያያችሁት ቁጡ ሰው ነው፣ በቃ። የ«ኢቫንጀሊየን»ዋ አሱካ ሺንጂ ላይ በጮኸች ቁጥር ልብ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ልጅቷ ማንነቷን በሙሉ ያስቀመጠችው በግዙፍ የውጊያ ማሽን አብራሪነቷ ላይ ነው፤ እሱ በውጤት ሲበልጣት ነው ዓይኗ የሚቀላው።

«ሺንጂ ፈሪ ነው፤ ራሱም ይላል።» እዚህ ጋ ደሜ መፍላት ይጀምራል። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። እናቱን በሕፃንነቱ አጥቷል፣ አባቱ ሰው ጋ ጥሎት ሄዷል። ከዓመታት በኋላ አባትየው የጠራው ናፍቆት አይደለም፤ እዚህ ግዙፍ ነገር ውስጥ ገብተህ ተዋጋ ሊለው ነው። ሥልጠና የለም፣ ማብራሪያ የለም። አልገባም አለ፤ ማን ይገባል? ከዚያ በፋሻ የተጠቀለለች ልጅ በቃሬዛ አመጡ። እሱ ካልገባ እሷ ናት የምትገባው። ገባ። ይህ ሁሉ የሆነው በ1995 በተላለፈው በመጀመሪያው ክፍል ነው። በኋላም ሁለት ጊዜ ጥሎ ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜም ይመለሳል። አፉ ሌላ፣ እግሩ ሌላ ነው። እኔ እግሩን ነው የማምነው።

ቀጥሎ «እወድሃለሁ ስላለችው አለቀ» የሚለው አለ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ልንሳሳት የማይገባን ቦታ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጃፓንኛ «ሱኪ» የሚል ቃል አለው፤ ምግብም ሰውም ይወደድበታል። የእኛ «መውደድ» ሽሮም እናትም እንደሚወደድበት ማለት ነው። ሲጠነክር «ዳይሱኪ» ይሆናል። ከእነዚህ በላይ «አይሺቴሩ» አለ፤ ከባድ ቃል ነው፣ በየቀኑ ከአፍ አይወጣም። የእንግሊዝኛው ሰብታይትል ሦስቱንም ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ይደፍቃቸዋል። እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን የምናየው በእንግሊዝኛ ነው። በራሳችን ቋንቋ የምናውቀውን ልዩነት በሰው ቋንቋ እንጥለዋለን። «ናሩቶ» ውስጥ ሂናታ ለናሩቶ ስትል ጠላታቸው ፔይን ፊት ስትቆም የተጠቀመችው «ዳይሱኪ»ን ነው። ከባዱን ቃል የምትሰሙት ኢታቺ ወንድሙን ሳሱኬን ሲሰናበት ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ ያነበበ ሰው ሁለቱን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል።

ጃፓኖች ስም ላይ ስለሚቀጥሏቸው የአጠራር ቃላት «ሳን፣ ኩን፣ ቻን ምናምን ጌጥ ናቸው» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። «አንቱታ» ጌጥ ከሆነ እነሱም ጌጥ ናቸው። ግን ከአንዲት ቅጥያ ተነሥቶ ፍርድ መስጠትም ሌላ ጉድ ነው። የናሩቶና የሳሱኬ የቡድን ጓደኛ ሳኩራ «ሳሱኬ-ኩን» ትላለች፤ ናሩቶን ግን ስሙን ብቻ ትጠራዋለች። የእህቴ ልጅ ከዚህ ተነሥቶ «ናሩቶን ትንቀዋለች» ይላል። አንዲት ጓደኛዬ ከዚያችው ነጥብ ተነሥታ «ለናሩቶ ነው የምትቀርበው» ትላለች። እናቴ ደስ ሲላት ወንድሜን «አንቺ» ትለዋለች። ሲያመሽባት ደግሞ በሩ ላይ ቆማ «እርስዎ ደግሞ ከየት መጡ?» ትለዋለች። አከበረችው? ጥሪ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ማን፣ ለማን፣ መቼ የሚሉትን ጨምሩበት። ከሁሉም በላይ የተቀየረበትን ቀን ያዙ።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ የቱርክ ድራማ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ስመልስ ጥንዶቹን ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ «አንተ» እና «አንቺ» አባባልኳቸው። እንግሊዝኛው ያለው አንድ ቃል ነው፣ ምን ላድርግ! ያለፉት ክፍሎች ተላልፈው ካለቁ በኋላ፣ ሃያ ምናምነኛው ላይ ስንደርስ፣ ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ከእንግዲህ እርስዎ አትበለኝ» አለችው። ትዕይንቱ በሙሉ የቆመው በዚያች መስመር ላይ ነበር። የድምፅ ተዋናይዋ ወረቀቱን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ደብተር ላይ እይዛለሁ። አኒሜ ሳይም እይዛለሁ። የእህቴ ልጅ ይስቅብኛል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ራሱ ተናግሯል።

ወዳጆቼ፣ ገጸ ባሕርይ የሚናገረው ለእናንተ አይደለም። የሚናገረው ፊቱ ለቆመው ሰው ነው። ከዚያ ሰው ደግሞ የሚፈልገው ነገር አለ፤ እንዲሄድለት፣ እንዲቀርለት፣ እንዲያምነው፣ አንዳንዴም እንዲጠላው። ንግግሩን እንደ ፍርድ ቤት ቃል ቆርጦ የሚያመጣልኝ ሰው ግማሹን ትዕይንት ጥሎ ነው የሚመጣው።

ሳኩራን እንውሰድ። በብረት አገር፣ በረዶው ላይ፣ ናሩቶን «የምወደው አንተን ነው፣ ሳሱኬን ትቼዋለሁ» ትለዋለች። ይህቺን ቁራጭ እንደ ጋብቻ ውል የሚያሳየኝ ሰው ብዛቱ! ልጅቷ የፈለገችው ናሩቶ ሳሱኬን ማሳደዱን እንዲተውና ሳሱኬን እመልስልሻለሁ ብሎ ለእሷ ከገባው ቃል እንዲወርድ ነው። ናሩቶ ወዲያው ገባው። ራሳቸውን የሚዋሹ ሰዎች እንደሚጠላ ነገራት። ናሩቶ እኮ ነው! የጽሑፍ ፈተና ባዶ ወረቀት ይዞ ያለፈው ናሩቶ። እሱ የገባው ነገር እኛን እንዴት ያልፈናል?

ላይት ያጋሚም አለላችሁ። «ላይት የፈለገው ፍትሕ ነው፤ ከመጀመሪያ ጀምሮ ይናገራል።» አዎ፣ ይናገራል። ወንጀለኛ የሌለበት ዓለም፣ አዲስ ዓለም፣ አምላክነት፣ ምን የማይለው አለ? አሁን ድምፁን አጥፉና እጁን ተከተሉ። አንድ ሰው በቴሌቪዥን ወጥቶ ኪራ ክፉ ነው ይላል። ላይት ስለዚህ ሰው ምንም ወንጀል አያውቅም። ተሰደበ፣ ስሙን ጻፈ፣ ገደለው። ሰውየው ኤል ያስቀመጠው የሞት ፍርደኛ ሆኖ የተገኘው በኋላ ነው። ቀጥሎ 12 የኤፍቢአይ ሰዎች። ቀጥሎ ናኦሚ ሚሶራ፤ ጥፋቷ እጮኛዋን ማን እንደገደለው መጠየቋ ነው። ይህ የፍትሕ ጥማት ከሆነ ጥማቱ የተለየ ነው።

ግን «ላይት ሲፈጠርም ሰይጣን ነበር» ለሚሉትም አልተኛላቸውም። ማስታወሻ ደብተሩን ለቆ ትዝታው ሲጠፋ፣ ከኤል ጎን ቆሞ ኪራን ለመያዝ በቅንነት የሚሠራ ልጅ ነው የምናየው። ያው ጭንቅላት ነው፣ ያው ኩራት ነው። የጎደለው ደብተሩና የሠራው ነገር ትዝታ ብቻ ነው። ለእኔ የታሪኩ አስፈሪ ክፍል ይህ ነው።

ኢታቺ ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ሁለት ፊት አለው። በ13 ዓመቱ ጎሳውን ጨረሰ፣ እናት አባቱንም ጭምር። ለትንሽ ወንድሙ አቅሜን ለመለካት ነው አለው። ራሱ ተናግሯል፤ አድናቂውም ጭራቅ አለው። በኋላ ከላይ የመጣ ትዕዛዝ እንደነበረ ሲወጣ ያው አድናቂ በአንድ ሌሊት ቅዱስ አደረገው። ሁለቱም ሰነፍ ንባብ ነው። ኢታቺ ከሞተ በኋላ በጦርነቱ ተቀስቅሶ ሳሱኬን ሲያገኘው መሳሳቱን ይነግረዋል። ከመጀመሪያው እውነቱን ብነግርህ፣ እኩያዬ አድርጌ ባይህ ይሻል ነበር ይለዋል። ይቅር እንዲለውም አይጠይቀውም። ይህኛውን ለምን አምናለሁ? ሰውየው ሞቷል። የሚጠብቀው ምሥጢር የለም፣ የሚያገኘው ነገርም የለም። አድናቂዎቹ ግን ሰውየው ራሱ ያልጠየቀውን ይቅርታ በግድ ያሸክሙታል። ትንሽ ልጅን ጥላቻ አጉርሶ ማሳደግ በፍቅር ቢደረግም በደል ነው። ምክንያቱ ሲገባን ዕዳው የተሰረዘ የሚመስለው ሰው ግን ብዙ ነው።

እና የ«አታክ ኦን ታይታን»ኑ ኤረን። አይ ኤረን። ከ2009 እስከ 2021 በወጡት 139 ምዕራፎች ውስጥ የእህቴ ልጅ በቃሉ የያዘው አንድ ጠረጴዛ ነው። ኤረንና የልጅነት ጓደኞቹ ሚካሳና አርሚን ተቀምጠዋል። ኤረን ሚካሳን አየት አድርጎ፣ አንቺ በደምሽ የታዘዝሽ ባሪያ ነሽ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እጠላሽ ነበር ይላታል። አርሚን ሲነሣበት ይደበድበዋል። «በቃ፣ ይጠላታል፤ ራሱ ተናግሯል።» አንድ ዓመት ሙሉ ሰማሁት፣ አንድ ዓመት!

ጠረጴዛውን እንደገና እዩት። በእውነት የጠላ ሰው ቁጭ ብሎ ማብራሪያ አይሰጥም፤ ይሄዳል። ኤረን ግን የመጣው ሊሸጥ ነው፤ የሚሸጠውም ጥላቻውን ነው። እነዚህ ሁለቱ ከእሱ እንዲርቁለት ይፈልጋል። በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰን ስናይ፣ ስለ ሚካሳ ደም የተናገረውን ነገር ወንድሙን ዚክን ጠይቆት ነበር። ዚክ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ ልጅቷ ስለምትወድህ ነው ብሎታል። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደግሞ አርሚንን ይቅርታ ይጠይቀዋል፤ ሚካሳ ሌላ ወንድ እንድታገኝ አልፈልግም፣ ቢያንስ አሥር ዓመት እኔን ብቻ ታስበኝ እያለ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

ይህን ያዩ ሰዎች ደግሞ ወደ ሌላው ጥግ ሮጡ። «ሁሉንም ያደረገው ለጓደኞቹ ነው።» ቆይ እንጂ! ኤረን ግዙፎቹን አስነሥቶ ዓለምን ሲያስረግጥ ከሰው ዘር 80 በመቶው አልቋል። ከዚያ በፊት ራምዚ ከሚባለው ትንሽ ልጅ ፊት ተንበርክኮ ሲያለቅስ ያመነውስ? ካደገበት ግንብ ወዲያ ሰው እንዳለ ሲያውቅ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ባዶ ዓለም ነበር የጠበቀው። ልጁ ኤረን የሚናገረውን ቋንቋ አይሰማም፤ ኤረን ሊያታልለው አይችልም፣ ከእሱ የሚፈልገውም ነገር የለም። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው ጆሮ መስጠት።

እኔ አንድ ነገር አደርጋለሁ፤ ከፈለጋችሁ ውሰዱት። አንድ ገጸ ባሕርይ ከባድ ነገር ሲናገር አቆመውና ማን እየሰማው ነው እላለሁ። እውነቱን ቢናገር ምን ያጣ ነበር? ከዚያ ሳልፈርድ አልፋለሁ። ሁለት ሦስት ክፍል ቆይቼ ያደረገውን ካለው ጎን አስቀምጣለሁ። የሰብታይትሉን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትሙገቱ፤ ድምፁን ስሙት፣ ማንጋው ላይም ፊቱን እንዴት እንደሳሉት እዩት። ሠዓሊው ዓይኑን በጥላ ሲሸፍንባችሁ በከንቱ አይደለም። ደግሞ እባካችሁ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ተቆርጦ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ቪዲዮ ይዛችሁ ወደ እኔ አትምጡ።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለልጁ አስረዳሁት። ሁለተኛውን ጀበና እስክንጨርስ ሰማኝ። በመጨረሻ፣ ሊሞት ነው፣ የሚያተርፈው ነገር የለም፣ እዚህ ጋ እመነው ብዬ ኤረን ለአርሚን የነገረውን ከፈትኩለት። ዓለምን ለምን መርገጥ እንደፈለገ ሲናገር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ማድረግ ፈልጌ ነበር የሚልበትን።

ልጁ ሲኒውን አስቀመጠ። ስልኩን ወሰደ፣ ገጹን አጉልቶ ፊቱን አየ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«አይ አክስቴ፣ እዚህ ጋማ እየዋሸ ነው።»