የስክሪን ዳር ላይ ተች ለምን ይደክማል?

ከልደታ ወደ ስታዲየም በሚሄደው ባቡር ውስጥ ማታ ቆማችሁ ታውቁ ይሆናል። አንዱ እጅ መያዣውን ጨብጧል፣ ሌላው ስልኩን። የሚጽፈው አውራ ጣት ብቻ ነው። በእንግሊዝኛው ኪቦርድ አቀማመጥ አማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ «ቀ»ን የምታወጣው ኪው ግራ ጥግ ላይ ናት። ኤ (A) ደግሞ እዚያው ግራ ዳር ናት፤ ያለሷ «ላ»፣ «ማ»፣ «ራ» አይወጡም። እንግዲህ ስልኩ ዳር ላይ የሚሰንፍ ከሆነ አማርኛችን ይጎዳል። ሰው ግን «ጣቴ ወፍሮ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጣታችሁ ምንም አልሆነም።

የማወራው ስለ ካፓሲቲቭ ተች ነው፣ ዛሬ በእጃችን ያሉት ስማርት ስልኮች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠሩበት። ሐሳቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ኢ ኤ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ጽፎበታል፤ ሕዝቡ ጋ በሰፊው የደረሰው ግን ከ2007ቱ አይፎን ወዲህ ነው። ከመስታወቱ ሥር በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል ነገር የሚሠሩ። ግማሾቹ በቁም፣ ግማሾቹ በአግድም ተዘርግተው እንደ ወንፊት ይተላለፋሉ። በየመገናኛው ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ትያዛለች። ጣት ሲጠጋ ይህቺ ቻርጅ ትቀንሳለች፣ ቺፑም ቅናሹን በሰከንድ 60 ጊዜና ከዚያም በላይ እየዞረ ይለካል።

መስመሮቹ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። ታዲያ ስልኩ ጣታችን ያረፈበትን ቦታ ከዚያ በጠበበ ልክ እንዴት ያውቃል? ጎረቤት እየጠየቀ ነው። አንድ ጣት ሁለት ሦስት መስመር ይነካል፤ ቺፑ የሁሉንም ቅናሽ ይመዝንና መካከለኛውን ይይዛል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መስመሮቹ በ4 ሚሊሜትር ይራራቃሉ እንበልና ጣታችሁ የመጨረሻው መስመር ላይ በትክክል አረፈ። እሱ 100 ይቆጥራል፣ ከውስጥ በኩል ያለው ጎረቤቱ 30። ከውጭም 30 የሚቆጥር ጎረቤት ቢኖር ሚዛኑ ልክ መስመሩ ላይ ይቆም ነበር። ግን ከውጭ ማንም የለም። ስለዚህ ስሌቱ ወደ ውስጥ 0.9 ሚሊሜትር ያህል ይንሸራተታል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ጠባብ ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ለመሻገር ይበቃል። ጣቱ በከፊል ከስክሪኑ ከወጣ ደግሞ ምልክቱ ራሱ ይደክማል፣ ስልኩም ጭራሽ እንዳልተነካ ይቆጥረዋል።

ለዚህ ሠሪዎቹ በጣም ጥሩው መላ መስመሮቹን ከሚታየው ስክሪን አልፎ በጥቁሩ ጠርዝ ሥር ማስረዘም ነበር፤ ዳር የሚመስለን ቦታ ያኔ ለሴንሰሩ ዳር አይሆንም። ይሁን እንጂ ሁላችንም ጠርዝ የሌለው ስልክ ወደድን፣ ያ ቦታም ጠበበ። ጭራሽ በ2017 አይፎን ኤክስ፣ በ2019 አንድሮይድ 10 ከዳር ጀምሮ በጣት መጥረግን ዋና መንገድ አደረጉት። ሥራው የበዛበት ቦታ ደካማው ቦታ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ሸክሙ ወደ ሶፍትዌሩ ዞረ። አንዱ መንገድ የሌለውን ጎረቤት በግምት መፍጠር ነው፦ ቺፑ ካሉት ቁጥሮች ተነስቶ «ከውጭ መስመር ቢኖር ይህን ያህል ይቆጥር ነበር» ይልና ያን ጨምሮ ይመዝናል። ሌላው ደግሞ የጣት ምትክ በሆነ የብረት ዘንግ ዳር ዳሩን እየነኩ፣ እውነተኛውን ቦታና ስልኩ ያለውን ቦታ አመሳክሮ የማስተካከያ ሰንጠረዥ መሥራት ነው። ለእኔ ይሄኛው ይበልጥ ያሳምነኛል፣ ምክንያቱም ከተለካ ነገር ይነሳል። የመጨረሻዎቹን መስመሮች ምልክት ለብቻ ማጉላትም አለ። ግን በዛ ሲባል ስልኩን የያዘው መዳፍ ራሱ እንደ ንክኪ ይቆጠራል፤ ለዚህ ነው መዳፍን ከጣት የሚለይ ሌላ ስሌት የሚያስፈልገው።

ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። የእኔ ስልክ ቀኝ ዳሩ ሲለግም አንድ ሱቅ «ዲስፕሌዩ ሞቷል፣ ይቀየር» አሉኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ሌላ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ልጁ ስክሪኑን አልፈታም። ሴቲንግ ገብቶ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ነካ፣ የተከፈተው የዴቨሎፐር ሜኑ ውስጥ ፖይንተር ሎኬሽንን፣ ማለትም ጣት የሄደበትን በመስመር የሚያሳየውን፣ አበራ። ከዚያ በጣቱ ከመሃል ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ አሰመረ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደና ዳሩ ጋ ሲደርስ ተቆረጠ። ፕሮቴክተሩን በጥፍሩ አነሳው። ደግሞ አሰመረ፤ እስከ ጫፍ ሄደ። «ወንድሜ፣ ስክሪንህ ደህና ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ስክሪን ዳሩ ጎበጥ ያለ ነው፣ ፕሮቴክተሩ ደግሞ ዳር ላይ በደንብ አልተለጠፈም፤ በእሱና በስክሪኑ መካከል አየር ገብቷል። መስታወት የኤሌክትሪክ መስክን ከአየር 7 እጥፍ ያህል ያሳልፋል። ስስ የአየር ክፍተት እንኳ ድሮውንም ደካማ የነበረውን የዳር ምልክት ይገድለዋል።

ኮፒ ስክሪን ያስገባችሁም ይህን ልብ በሉ። መስመሮቹ ከኦርጅናሉ ሊራራቁ ይችላሉ፣ ማስተካከያውም በደንብ ላይሠራለት ይችላል። መሃሉ ጥሩ ሠርቶ ዳሩ ሊለግም ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ልጁ እንዳደረገው አራቱንም ዳር አስምሩ።

ቻርጀርም አለበት። ርካሽ ቻርጀር ከ220 ቮልቱ መስመር ረብሻ ያሳልፋል፣ ረብሻው ደግሞ ምልክቱ የደከመበትን ቦታ ቶሎ ይበጠብጣል። በክረምት ጠርዙ ላይ የቀረች የዝናብ ጠብታም እንደ ጣት ልትታይ ትችላለች።

መፈተሹ ቀላል ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ካቨሩን አውልቁ፣ ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ አስምሩ። ስልኩን አግድም አዙሩና ደግማችሁ አስምሩ። መስመሩ የሚቆረጠው ያው የድሮው የስልኩ ጎን ላይ ከሆነ ነገሩ ከስክሪኑ ወይም ከላዩ ከተለጠፈው ነው። ስልኩ ሲዞር ችግሩ ያን ጎን ለቆ ወደ ሌላ የስልኩ ጎን ከሄደ ግን ሶፍትዌሩን ነው ማየት፤ ለዚያ ዲስፕሌይ አይቀየርም።