«ጠፋሽ!» ስለ ትንሽ ሃይማኖታዊ ኮሌጅ የፍሬሽማን ሕይወት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በየዓመቱ ምዝገባ ሲጀመር አንድ ዓይነት ንግግር እሰማለሁ። አባት ሻንጣ ተሸክሞ፣ እናት ትራስ አቅፋ ዶርም ድረስ ይመጣሉ። ከዚያ ወደኔ ዞር ይሉና «እዚህ እንኳን ምንም አያሰጋንም፣ ሃይማኖታዊ ኮሌጅ ነው፣ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል» ይሉኛል። ልጅየው ከኋላ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። እኔ ፈገግ እላለሁ። የፍሬሽማን አማካሪ ሆኜ ስምንት ዓመት ስለሠራሁ ፈገግ ማለቱን ለምጄዋለሁ። ዛሬ ግን ፈገግታው ይቅርና ልናገር።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ሃይማኖታዊ ኮሌጅ ሳይንስ አይወድም።» ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው ብሎ በ1927 እ.ኤ.አ. የጻፈው ዦርዥ ሌሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ያስተምር የነበረውም የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ቀጥሎ።

«ትንሽ ኮሌጅ ትምህርቱ ይቀላል።» ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ብቻ ሲሆን መፎረፍ የሚባል ነገር የለም። ወንበርህ ባዶ መሆኑን መምህሩ ገና በሩን ሲከፍት ያየዋል። ያላነበብክ ቀን ደግሞ በምን እንደሚያውቅ አይገባኝም፣ የሚጠይቀው አንተን ነው።

«መምህሮቹ አማኞች ስለሆኑ ግሬድ ላይ ይራራሉ።» ይህንን ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። መምህርህ አብሮህ ሊጸልይ ይችላል፣ ስታለቅስ ሊያጽናናህ ይችላል፣ ከዚያ ቢሮው ገብቶ ኤፍ ይሰጥሃል። ሁለቱንም ከልቡ ነው የሚያደርገው። በክሬዲት የሚሠሩ ብዙ ኮሌጆች ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል፣ ከክፍል ውጪ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ጥናት ይጠብቃሉ። 15 ክሬዲት ይዘህ ከሆነ ክፍሉ 15፣ ጥናቱ 30፣ በድምሩ በሳምንት 45 ሰዓት ማለት ነው። የመዝሙር ልምምዱ፣ የማታው ጸሎት፣ የበጎ ፈቃድ ሥራው፣ የኅብረቱ ስብሰባ፣ ሁሉም ከዚህ በላይ ነው። እዚህ ግቢ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ሲወድቁ ያየኋቸው ሰነፎቹ ብቻ አይደሉም። ለእግዚአብሔር ሥራ እምቢ ማለት ኃጢአት የሚመስላቸው ደጋግ ልጆችም አሉበት። እነሱን ነው ቁጭ አድርጌ «እምቢ» ማለት የማለማምደው፣ ቀልዴን አይደለም፣ ጮክ ብለው እንዲሉት አደርጋለሁ።

«ቻፕል ከገባሁ መንፈሳዊ ሕይወቴ ደህና ነው።» ቻፕል፣ ማለትም የኮሌጁ የጋራ አምልኮ፣ ብዙ ቦታ አቴንዳንስ ይያዝበታል። አቴንዳንስ ደግሞ መገኘትህን ብቻ ነው የሚመዘግበው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለኬሚስትሪ ፈተና የሚያጠኑትን አውቃቸዋለሁ፣ እነሱም እንደማውቅ ያውቃሉ።

«ከተጠራጠርኩ እምነቴ አለቀ ማለት ነው።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ልጅ በስድስተኛው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ ዊዝድሮው ማድረግ፣ ትምህርቴን ማቋረጥ እፈልጋለሁ አለኝ። ምክንያቱ የቅዱሳት መጻሕፍት መግቢያ ኮርስ ነው። በእጅ የተገለበጡ ጥንታዊ ቅጂዎች እርስ በርሳቸው የቃላት ልዩነት እንዳላቸው መምህሩ ሲያስረዳ፣ ልጁ መሬቱ ከሥሩ የተናደ መሰለው። ለአባቱ መንገር ፈርቷል። ለዶርም ጓደኛው መንገርማ ጨርሶ አይሞከርም። «ለመምህሩስ ነገርከው?» አልኩት። አልነገረውም። ሂድና ንገረው አልኩት። ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ወጡ። ለካ መምህሩ ያንኑ ጥያቄ በተማሪነቱ ጠይቆት፣ ከዚያ በኋላም ዕድሜውን በሙሉ ሲመረምረው የኖረ ሰው ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የሚያስተምር ኮሌጅ ጥያቄዎቹ እንደሚነሱ ያውቃል፤ ከአንተ በፊት ብዙ ሰው ጠይቋቸዋል። አትደበቅ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይም ኢንተርኔት ውስጥ ብቻህን አትቆፍር።

«የቤት ናፍቆት የሕፃን ነገር ነው፣ የሚጸልይ ሰው ቶሎ ይለቀዋል።» ስዊዛዊው ዮሃንስ ሆፈር በ1688 እ.ኤ.አ. የቤት ናፍቆትን እንደ ሕመም ቆጥሮ ሲጽፍበትና «ኖስታልጂያ» የሚለውን ቃል ከግሪክኛ ሲገጣጥም ራሱ የሕክምና ተማሪ ነበር። ናፍቆት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ከመጀመሪያው እረፍት ስትመለስ እንደገና ይመጣል። በየሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ ቤት መሮጥ አያድነውም፤ ግቢ ውስጥ ሰው ከሰው የሚቀራረበው ደግሞ በነዚያው ቀናት ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ደሜን ወደሚያፈላው እንምጣ። «ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል፣ እዚያ ብቸኝነት የለም።»

አንዲት ልጅ ነበረች። በሦስተኛው ሳምንት ጉንፋን ጥሏት ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። የዶርም ጓደኛዋ ቤተሰብ ልትጠይቅ ሄዳለች። በሩን ያንኳኳ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ተነስታ ቻፕል ስትሄድ መንገድ ላይ አራት ሰው በስሟ ጠራት። አራቱም «ጠፋሽ!» አሏት። አራቱም መልሷን ሳይሰሙ፣ እየሳቁ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ አለፉ። እኔ ጋ መጥታ ያለቀሰችው በጉንፋኑ አይደለም፣ በዚያች «ጠፋሽ» ነው። «ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቀኝም እል ነበር። እዚህ ምን ልበል?» አለችኝ።

መልስ ነበረኝ፣ ግን እሷን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በትንሽ ግቢ ስም ቶሎ ይታወቃል። ጓደኝነት ግን በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል ፍሬሽማን ተማሪዎችን ጭምር አጥንቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ፣ ትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለማደግ 50 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ጓደኝነት 90፣ ወደ ቅርብ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ ይፈልጋል ይላል። ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥ ብዙም አያስቆጥርም፤ የሚቆጠረው ተዝናንቶ አብሮ መዋል ነው። እስቲ አስሉት። ከአንድ ሰው ጋር በቀን ሁለት ሰዓት ብታሳልፍ እንኳ 200 ለመሙላት መቶ ቀን ነው፤ ሴሚስተሩ አለቀ። በሦስተኛው ሳምንት ጓደኛ የለኝም ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ገና ሂሳቡ አልሞላለትም እንጂ እሱ ላይ ምንም ጉድለት የለበትም።

ሃይማኖታዊ መሆኑ ደግሞ የራሱን ጣጣ ይጨምራል። ግማሹ ተማሪ ከአንድ ጉባኤ፣ ከአንድ ካምፕ፣ ከአንድ ሃይስኩል ተያይዞ ነው የሚመጣው፤ ካፌ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ በመጀመሪያው ቀን ተይዘው ታገኛቸዋለህ። «እንዴት ነህ?» ስትባል መልሱ «ተመስገን» ነው፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። ሐሜቱም ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። «እገሊትን በጸሎት አስቧት» ይባላል፣ ከዚያ ለምን መታሰብ እንዳለባት በዝርዝር ይተረካል፣ ማታ ላይ ግቢው በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ልጆቹ ችግራቸውን መናገር ይተዋሉ። እኔ እንኳ ስንት ጊዜ ነው «ለማንም አልነግርም» ብዬ የማልኩት።

ምን ይደረግ? ሃያ ኅብረት ውስጥ አትግባ፣ ሁለት ይበቃል፣ ግን በየሳምንቱ ሂድ። ያንኑ ሰው ደጋግመህ የምታገኝበት ነገር ፈልግ። ከፕሮግራሙ በኋላ ቶሎ አትውጣ፤ ወንበር የሚያነሱትን እርዳ፣ እውነተኛው ወሬ ያኔ ነው የሚጀመረው። ዶርም ስትሆን በሩን ገርበብ አድርገው። ከዶርም ጓደኛህ ጋር ካልተስማማህ ራሱን አናግረው፣ የጸሎት ርዕስ አታድርገው። ቢያንስ አንድ ሰው ከግቢ ውጪ ይኑርህ፣ ምክንያቱም ትንሽ ግቢ ውስጥ የተጣላኸውን ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ካፌ ታገኘዋለህ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ከተዘጋ፣ ተስፋ ከተቆረጠ ወደ ካውንስለር ሂድ፤ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም፣ ጥርሱን ያመመውን ሰው በጸሎት ብቻ ቻለው አንለውም።

ልጅቷ ሐሙስ ሐሙስ ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፍ መደርደር ጀመረች። አብራት የምትደረድረው ልጅ ወሬ የማይወጣት ዝምተኛ ናት። ሥራው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ያልቃል፣ እነሱ ግን ደረጃው ላይ እስከ አራት ሰዓት ይቀመጣሉ። መቼ ጓደኛ እንደሆኑ ብጠይቃት አታውቀውም።

ለወላጆች ደግሞ አንዲት ልመና አለችኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ስትደውሉ «ጓደኛ አገኘህ?» አትበሉ። ያላገኘው ልጅ ይዋሻችኋል። «ዛሬ እራት ከማን ጋር በላህ?» በሉት። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ብቻዬን» ካለ ለኔ ደውሉልኝ፣ ሥራዬ ነው። ትራሱን ግን ማምጣት እንዳትተዉ፣ የዶርሙ ትራስ አይረባም።