የዘመኑ የኢትዮ-ጃዝ ሙዚቀኞች፦ የት እናገኛቸዋለን? እንዴትስ እንደግፋቸው?

ኢትዮ-ጃዝ ሲባል ብዙ ሰው ጆሮ ላይ ቀድሞ የሚመጣው የሙላቱ አስታጥቄ ቪብራፎን (በዘንግ የሚመታ የብረት መሣሪያ) ነው። ይገባቸዋል። የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺሆዬን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋህደው ለዓለም ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው። ችግሩ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መቆሙ ነው። ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የድሮ የአዲስ አበባ ቅጂዎችን «ኤትዮፒክ» በሚል ተከታታይ አወጣ። በ2005 ደግሞ የሙላቱ ሙዚቃ «ብሮክን ፍላወርስ» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ጆሮ ወደ ስልሳዎቹና ሰባዎቹ ዞሯል። «ወርቃማው ዘመን» የሚለው ስም ለዛሬ ተጫዋቾች በረከትም ሸክምም ነው። በር ይከፍትላቸዋል፤ ከገቡ በኋላ ግን የድሮውን እንዲጫወቱ ይጠየቃሉ።

ዛሬ ያሉት ግን ጥቂት አይደሉም። ፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋ እ.ኤ.አ. በ2012 «ጉዞ» የተሰኘ አልበሙን በእንግሊዙ አሳታሚ ሪል ወርልድ በኩል አውጥቷል። ሳክስፎኒስቱ ጆርጋ መስፍን ውዳሴ የተባለውን ባንድ የመሠረተ ሰው ነው፤ የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» ላይ ያለውም ሙዚቃ የእሱ ሥራ ነው። ግሩም መዝሙር አዲስ አኩስቲክ በተባለው ፕሮጀክት አኮርዲዮንን፣ ማንዶሊንንና ክላርኔትን መልሶ መድረክ ላይ አውጥቷል። እነዚህ ስም ያላቸው ናቸው። ከነሱ ጀርባ ያሉት ከበሮ መቺዎች፣ ቤዚስቶችና ትራምፔት ነፊዎች ግን ስማቸው እንኳ አይነገርም።

የአዲስ አበባ የጃዝ ሙዚቀኛ «በራሱ የሚሠራ» ሲባል ብዙ ጊዜ አሳታሚም ማናጀርም የለውም ማለት ነው። ስቱዲዮውን የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ኪሱ የሚሞላው ደግሞ በጃዝ አይደለም። የዘፋኝ አልበም ላይ ያጅባል፣ ሆቴል ውስጥ ይጫወታል፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ይሠራል። የራሱን ድርሰት የሚያሰማው በተረፈችው ምሽት ነው።

ስለዚህ አዲስ ሙዚቀኛ ለማግኘት ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ አጃቢውን መከተል ነው። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ቋንቋ በተባለው ባንድ ውስጥ ማሲንቆ የሚጫወተው እንድሪስ ሐሰን ነው። ከስሩ ባስ ክራር ይጎትታል፣ ከጎኑ ቫዮሊን አለ። ማሲንቆው አንዳንዴ እንደ ሮክ ጊታር ይጮኻል። (ይሄ ጃዝ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።) እንድሪስን ብለው ሲፈልጉ የተወዛዋዡን የመላኩ በላይን ባንድ ኢትዮከለርን ያገኛሉ፤ ቀጥሎ የጣሊያን-ኢትዮጵያዊቷን ጸሐፊና ዘፋኝ የገብርኤላ ገርማንዲን የአጤ ቴዎድሮስ ፕሮጀክት። በአንድ ማሲንቆ ሦስት ባንድ፣ በሦስቱ ባንድ ደግሞ ብዙ ሙዚቀኛ ተገኘ ማለት ነው። የዩቲዩብ አልጎሪዝም እንዲህ አይወስድዎትም።

መገኘት ሲዘገይ ምን እንደሚሆን የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያሳያል። የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርዲስት አሜሪካ ውስጥ ቀርቶ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ዳለስ ኤርፖርት ላይ ኪቦርዱን ከመኪናው ያወጣና ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር አገኘው፤ በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ ዓለምን መዞር ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። መሃል ላይ ግን ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል።

እኔ ከአልበም ይልቅ ሙዚቃው የሚቀርብበት ቤት ይበልጣል ባይ ነኝ። ጃዝ የሚያድገው በየሳምንቱ እዚያው መድረክ ላይ፣ እዚያው ሰው ፊት ሲጫወቱት ነው። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ እንዲህ ያለ ቤት ነበር፤ በጥር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ላይ በደረሰው ቃጠሎ ጠፋ። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ መጀመሪያ አዝማሪ ቤት ነው። መላኩ በላይ ልጅ ሆኖ ለሽልማት እየጨፈረ እዚያው ያድር ነበር፤ በኋላ ቤቱን ራሱ ያዘውና አዝማሪውን፣ ጃዙንና ሥዕሉን አንድ ግቢ አገናኘ። ሰፈሩ ሲፈርስ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። አንድ ቤት ሲዘጋ የሚጠፋው ወንበርና ስፒከር ብቻ አይደለም፤ ባንዱ የሚለማመድበት ሳምንታዊ ቀጠሮም አብሮ ይጠፋል።

ከአገር ውጭም የሚሰማ አለ። ሎስ አንጀለስ ኪቦርዲስቱ ክብሮም ብርሃነ አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማ በሙዚቃው ውስጥ ይሰማል። እስራኤል ውስጥ ሳክስፎኒስቱ አባተ በሪሁን ከፒያኒስቱ ይስሐቅ ይዲድ ጋር ራስ ደሸን በሚል ስም ተጫውቷል፤ አሁን አዲስ ቀን የሚባል ፕሮጀክት አለው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ሙዚቃ ምንም አይከፍልም። ለጃዝ ተጫዋች ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጡበት ድረ ገጽ ባንድካምፕ ይሻላል፤ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ወስዶ፣ የክፍያ ማስተላለፊያው ተቀንሶ፣ ቀሪውን ለሙዚቀኛው ይሰጣል። ግን ክፍያው በፔይፓል ነው፤ አገር ቤት ላለ ሰው ደግሞ በፔይፓል ገንዘብ መቀበል ራስ ምታት ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ወይም የባንድ አባል ካለ ይቀላል። ዳያስፖራ ከሆኑ አንድ አልበም በባንድካምፕ መግዛት ዓመት ሙሉ በነፃ ከማዳመጥ ይበልጣል። አዲስ አበባ ካሉ ደግሞ መግቢያ ይክፈሉ፤ «ባለቤቱን አውቀዋለሁ» ብሎ በነፃ መግባት ከባንዱ ኪስ መውሰድ ነው። ለሰርግ ወይም ለምርቃት ባንድ ሲይዙም ግማሽ ሰዓት የራሳቸውን ሥራ እንዲጫወቱ ይጠይቋቸው። ቪዲዮ ቀርጸው ቲክቶክ ላይ ሲለቁ የቤቱን ስም ብቻ አይጻፉ፤ ሳክሱን ማን እንደነፋ፣ ቤዙን ማን እንደያዘ ጠይቀው ያስገቡ። ሌላው ሰው የሚፈልጋቸው በዚያ ስም ነው።