ቢስቲቦል፦ ፍጡር ማሰባሰብና መረብ ኳስ የተገናኙበት ጌም

ቢስቲቦል በተራ በተራ የሚካሄድ የመረብ ኳስ ቪዲዮ ጌም ነው። ተጫዋቹ አሰልጣኝ ሆኖ ቢስቲ የሚባሉ ልዩ ልዩ ፍጡራንን ይመለምላል፣ ያሰለጥናል፣ ከሌሎች አሰልጣኞች ቡድኖች ጋር ያጋጥማል። የሠራው ዊሽስ አንሊሚትድ የተባለ አነስተኛ ገለልተኛ ስቱዲዮ ሲሆን አሳታሚው ክሌይ ነው። በኅዳር 2024 (እ.ኤ.አ.) ገና ሥራው ሳያልቅ፣ በቅድመ መዳረሻ መልክ ለሽያጭ ቀረበ።

ከጌሙ ጀርባ ያለው ግሬግ ሎባኖቭ ከዚያ በፊት ዋንደርሶንግ (2018) እና ቺኮሪ (2021) የተባሉ ጌሞችን ሠርቷል። የመጀመሪያው በዘፈን፣ ሁለተኛው በሥዕል ብሩሽ የሚጫወቱት ነው፤ በሁለቱም ውጊያ ዋናው ነገር አልነበረም። ሙዚቃውን የደረሰችው ሊና ሬይን ናት፤ የቺኮሪም ሙዚቃ የእሷ ነው። የሁለቱን ጌሞች ለዛ የሚያውቅ ሰው ቢስቲቦል ውስጥ ያው እጅ እንዳለበት ለመለየት ብዙ አይቸገርም።

የፍጡር ማሰባሰብ ጌም ሲባል መለኪያው እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ የወጣው ፖኬሞን ነው። እዚያ የዱር ፍጡር በውጊያ ይዳከማል፣ ከዚያ ኳስ ተወርውሮበት ይያዛል። ቢስቲቦል ውስጥ ኳስ ማጥመጃ አይደለም፤ መጫወቻ ነው። እያንዳንዱ የቢስቲ ዝርያ ቡድኑን ለመቀላቀል የራሱ መስፈርት አለው። ግጥሚያው ላይ ያን መስፈርት ያሟላለት አሰልጣኝ ይመለምለዋል፤ በነጥብ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ አዲስ ዝርያ ሲያጋጥም ቶሎ ለመርታት ከመሮጥ በፊት መስፈርቱን ማንበብ ይበጃል። ጠንካራ ቡድን ይዘው ደካማ ፍጡርን በአንድ ምት የሚዘርሩ ጀማሪዎች ግጥሚያውን አሸንፈው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከስፖርቶች ሁሉ መረብ ኳስ መመረጡ በአጋጣሚ አይመስልም። በመረብ ኳስ ሁለቱ ወገኖች በመረብ ተለያይተው ስለሚቆሙ በተጋጣሚዎች መካከል የአካል ንክኪ የለም። አንዱ ወገን ኳሷን ከ3 ንክኪ ባልበለጠ መመለስ አለበት። ይህ ራሱ በተራ የመጫወት ሕግ ነው ማለት ይቻላል። በእግር ኳስ ወይም በቅርጫት ኳስ ተራው መቼ እንደሚያልቅ ሰው ሠራሽ መቁረጫ ማበጀት የግድ ይሆናል። በቢስቲቦል በአንድ ወገን ሜዳ ላይ የሚሰለፉት 2 ናቸው፣ እንደ ባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ፤ ሌሎቹ ተቀያሪ ሆነው ይጠብቃሉ። ሜዳው በመረቡ አጠገብና ከኋላ ተብሎ ይከፈላል።

የሚያጠቃው ወገን በአንድ ተራ 3 እርምጃ አለው። ኳስ ለጓደኛ ማቀበል፣ ቦታ መቀየር፣ ተቀያሪ ማስገባት፣ ጓደኛን የሚያግዝ ወይም ተጋጣሚን የሚያውክ ብልሃት መጠቀም፣ በመጨረሻም መምታት። ምት ኳሷን ወደ ማዶ ስለሚያሻግር ተራውን ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ የሚወስነውም ለዚህ ነው፤ መደገፊያውን ብልሃት ከምቱ በኋላ አደርገዋለሁ ያለ አሰልጣኝ ዕድሉ አልፎታል። የተለመደው አካሄድ ከኋላ ያለው ቢስቲ ኳሷን ተቀብሎ መረቡ አጠገብ ለቆመው ማቀበል፣ በትርፉ እርምጃ ምቱን ማዘጋጀት፣ ከዚያ መምታት ነው። መረቡ አጠገብ ሆኖ የተመታ ኳስ ይከብዳል፤ ከኋላ ሆኖ የሚከላከል ደግሞ ጉዳቱ ይቀልለታል። ሁለቱን ከፊት ደርድሮ መተው ለማጥቃት ደስ ይላል፣ የተጋጣሚ ተራ ሲደርስ ግን ሁለቱም ሙሉውን ምት ይቀበላሉ።

ምቶች በ3 ይመደባሉ፦ የአካል፣ የመንፈስና የአእምሮ። እያንዳንዱ ቢስቲ በየምድቡ የማጥቃትና የመከላከል አቅም ስላለው የሚታዩት ቁጥሮች 6 ናቸው። በአካል ምት የማይነቃነቅ ፍጡር በአእምሮ ምት ሊንኮታኮት ይችላል። ሁሉም አጥቂዎቹ የአንድ ምድብ የሆኑበት ቡድን ያንን ምድብ በደንብ የሚከላከል ተጋጣሚ ሲገጥመው መላው ይጠፋዋል። የተመታ ቢስቲ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ አልቆ ኳሷን መመለስ ካቃተው ነጥቡ የተጋጣሚ ነው። ስለዚህ የደከመውን በጊዜ መቀየር አንድ እርምጃ ቢያስከፍልም ያዋጣል። በጣም የሚታየው ስህተት ይህችን እርምጃ ሳስቶ ሁለቱንም ተሰላፊ እኩል ማድከም ነው፤ ያኔ አንዱን ቢያወጡት ሌላው ይቀራል።

ነርቨስ መሆን፣ መናደድ፣ ላብ በላብ መሆንን የመሰሉ ስሜቶችም አሉ። እነዚህ በሌሎች ጌሞች ፍጡርን የሚያውኩት መርዝና ቃጠሎ የሚይዙትን ቦታ የያዙ ናቸው።

ጌሙን ከአቻዎቹ የሚለየው ግን የቡድን አባላት ዝምድና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አብረው የሚሰለፉ ቢስቲዎች ከባላንጣነት እስከ ፍቅር የሚደርስ ግንኙነት ይመሠርታሉ፣ ዝምድናው ሜዳ ላይ በጥምር ብልሃት ይገለጣል። ቁጥሩ ከፍ ያለውን ፍጡር አምጥቶ ነባሩን ማሰናበት በዚህ የተነሳ ሁልጊዜ ትርፍ የለውም።

ዘውጉን በተመለከተ፣ ስፖርት ነው የሚሉም ሚና መጫወቻ (ተጫዋቹ የገጸ ባሕርያቱን አቅም ቀስ በቀስ የሚያሳድግበት ጌም) ነው የሚሉም አሉ፤ አሠራሩ ወደ ሁለተኛው ያደላል፣ ቅልጥፍና አይጠይቅምና። ከቀደምቶቹ ሁለቱ ይጠቀሳሉ። ሌቭል ፋይቭ የተባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2008 ኒንቴንዶ ዲኤስ ለሚባለው የእጅ ጌም መጫወቻ ያወጣው ኢናዙማ ኢሌቨን እግር ኳስን ከሚና መጫወቻ ጋር አጣምሯል፤ የሚመለመሉት ግን ሰዎች ናቸው። ሱፐርጃያንት የተባለው ስቱዲዮ የሠራው ፓየር (እ.ኤ.አ. 2017) 3 ለ 3 የሚደረግ ግጥሚያ ሲሆን ኳሷን ይዞ የተጋጣሚን እሳት ውስጥ ዘልቆ የገባ ተጫዋች በቀጣዩ ዙር አይሰለፍም።